መርፌዋ እስክትነሣ

ቁልፉን ታዞራለህ፣ ወዲያው ትነዳለህ፤
«የዘንድሮ መኪና ማሞቅ አይፈልግም» ትለኛለህ።
ይሁንልህ፤ ኮምፒውተር አለው አሉ በሆዱ፣
ራሱን በራሱ የሚያሞቅ በመንገዱ።
እኔ ግን የጠባሴ ውርጭ መስታወቱን ሲያለብሰው፣
በካርድ ጫፍ ፍቀህ ፍቀህ፣ ገና ሳትጨርሰው
ስትወጣ ከግቢ፣
ይመጣብኛል ያ ሌሊት፤ ሰላ ድንጋይ፤ ከላይ ባና፣ ከሥር ጋቢ።

ታኅሣሥ ነው። ለገብርኤል ሦስት ቀን ሲቀረው፤
የእንስራው ውሃ ረግቶ፣ በዘነዘና ነው አባትህ የሰበረው።
እማማ ውድነሽ እጇን ከሆዴ አንሥታ፣
«ይሄስ በኔ አይሆንም» አለች፣ መስማቴን ረስታ።

ያለው መኪና አንድ ነው፤ የጋሽ ሸዋፈራው ኤንትሬ፣
ከገበያው ዳር፣ ጎማው በድንጋይ ታስሮ የሚያድር እንደ በሬ።
በቃሬዛ አምጥተው ወደ ጋቢናው ገፉኝ፤
አባትህና አክስትህ ከግራ ከቀኝ ደገፉኝ።

ጋሽ ሸዋፈራው አፉን በፎጣ ጠቅልሎ መጣ፤
ከመኪናው አፍንጫ ላይ የመንዝ ባናውን አወጣ፤
ለካ ሸፋፍኖት ነው የሚያድረው፣ እንደ ሕፃን።
ራዲያተሩ ባዶ ነው፤ ማታ ያፈሰዋል፣ ቁሩ እንዳይሰነጥቀው፤
«ውሃ!» አለ። ቤት ያለው ያ ብቻ ነው፣ ለኔ የጣዱት፣ የሞቀው።
እማማ ውድነሽ እያጉረመረመች ማሰሮውን ብታመጣው፣
የኔን ድርሻ ያ ብረት ግጥም አድርጎ ጠጣው።

ከዚያ ቁልፍ። ሞተሪኖው አንዴ አቃሰተ፣ ሁለቴ፤
እኔም አብሬው። «አይዞሽ» አለ፤ ለኔ ይሁን ለሱ እንጃ፤ «አይዞሽ እቴ!»
በሦስተኛው ተነሣ፤ ጭሱ ሜዳውን አለበሰ፤
ጥርሴ ተንገጫገጨ፤ ምጤም ከሄደበት ተመለሰ።

«በል እንሂድ እንጂ!» አባትህ።
ጋሽ ሸዋፈራው ሲጋራ አወጣ፣
አየኝ፣
መልሶ ከተተ።
«መርፌዋ እስክትነሣ።»
«ሰው ልትሞት ነው!»
«መርፌዋ እስክትነሣ።»

ጠላሁት። እውነቴን ነው፤ እንደዚያ ሰው ጠልቼ አላውቅም፤
ያቺ የምስጥ እግር የምታህል መርፌ ደግሞ ጭራሽ አትነቃነቅም።
አንድ ምጥ መጣ፣ ሄደ። መርፌዋ ከነጩ ጭረት።
ሁለተኛው መጣ፣ ዓይኔ ጨለመ። እሷ ተኝታለች በድፍረት።
በሦስተኛው መካከል፣ እጄን የማኖርበት ሳጣ፣
ከሞተሩ ክዳን ላይ ጣልሁት፤ ሙቀት ከሥር ሲመጣ
ተሰማኝ። ትንሽ። እንደ ጥጃ ትንፋሽ።
እጄን ለጠፍሁ፤ ጉንጬን፤ ኋላም ወገቤን ሰጠሁት፤
ያን የረገምሁትን ብረት እንደ እናቴ አቀፍሁት።

ጋሽ ሸዋፈራው ወደ ጨለማው እያየ፣ ለራሱ እንደሚያወራ፣
«ዘይቱ አሁን የረጋ ቅቤ ነው፤ ካልቀለጠ አይሠራ።
ብገፋው ገደሉ አፋፍ ላይ ይቆማል፤ እዚያ ማንን ልጣራ?»
አባትህ መልስ አልነበረውም።
ከመስታወቱ ጥግ ውርጩ መንጠባጠብ ጀመረ፤
አክስትህ ጠብታውን ትቆጥር ነበር፣ ጸሎት መስሏት።

መርፌዋ መቼ እንደ ተነሣች አላየሁም።
ፍሪሲዮን ተረገጠ፤ ድንጋዩን ረዳቱ አነሣ፤
ደብረ ብርሃን ስንገባ ፀሐይ ገና መድረሷ ነው በሬሳ።
አንተም ጠበቅህ፤ እስከ አልጋው፣ እስከ ነርሷ ጓንት፤
ያኔ ሌሊቱን የታገሥህ፣ ዛሬ ደቂቃ የማትታገሥ አንት!
ስምህ በክርስትና ወጣ፣ በቀበሌም ተመዘገበ፤
ጋሽ ሸዋፈራው ግን እስኪያርፍ «ናፍጤ» ይልህ ነበር፣ ከረሜላ እየመገበ።

እና ልጄ፣ ከኮምፒውተሩ ጋር አልከራከርም፤ ያውቅ ይሆናል።
ነዳጅም ተወዷል፤ የወረፋው አዳር ይታወቃል።
ግን ነገ፣ ቁልፉን ካዞርህ በኋላ ትንሽ ቆይ።
ለሞተሩ አይደለም።
ጫማዬን ፈልጌ፣ ሻይህን በፔርሙስ ይዤ እስክወጣ።
እጄን ከኮፈኖው ላይ ላሳርፍ፤
ጠዋት ጠዋት ይበርደኛል።